የበግ አንጎል በጽጌ ጾም

መስከረም 27 ቀን 1977፣ እሑድ

አባዬን ውሻ ነከሳቸው። ከጽጌ ማኅሌት ሲመለሱ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በጎረቤታችን በወይዘሮ እንኳየሁ አጥር ጥግ። የግራ ባታቸውን ነው፤ ሁለት ቦታ ጥርስ ጠልቋል። በሳሙና አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት። እሳቸው እቴ፣ መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ይቀልዳሉ። «ለጥበቃዎቹ የሰዓት እላፊ ወረቀቴን አሳየሁ፤ ለውሻዋ ማሳየቱን ረሳሁት» ይላሉ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ሲባሉ ጎንደር ውስጥ የማያውቃቸው ደብተራ የለም። አቋቋም ያስተምራሉ። በዚህ ዕድሜያቸው እንኳ ከበሮው ሲሞቅ እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስልም። እኔ ልጃቸው ደግሞ የሕክምና ተማሪዎችን ስለ ነርቭ አስተምራለሁ። ሁለታችንም መምህር ነን፤ ቤታችን ውስጥ የሚሸነፍ ሰው የለም።

ታናሽ ወንድማቸው አያ ባዬ ትናንት ከድብ ባሕር ለገበያ መጥተው እኛ ዘንድ ነበር ያደሩት። «ምነው ቁጭ አልሽ?» አሉኝ። «ወንዝ ሳያሻግሩ ጠበል ማድረስ ነው እንጂ! ከዚሁ ከታች ሸጋ ጠበል አለ፤ ስንቱን አድኗል።» አባዬም ጋቢያቸውን ደርበው ሊነሡ ነበር።

አይሆንም አልኩ። የሕክምና መምህርቷ አባት ውሻ ነክሷቸው ጠበል ገቡ ሲባል፣ ይህን ኮሌጅ ውስጥ የፓርቲው እነ ጓድ አዳሙ ሲሰሙ! ይህን እንኳ አላልኩም። ያልኩት «ክትባት አለ፣ አባዬ፤ ነገ እንጀምራለን» ነው። የተጨነቅኩት ለነፍሳቸው ነው። ሌላ ለምን ይሆናል?

መስከረም 28፣ ሰኞ

ጠዋት ለጓድ አዳሙ ነገርኩት። የኮሌጁ የፓርቲ ጸሐፊ ነው፤ ቀበሌውን በስልክ ያሽከረክረዋል። የእኔም የዕጩ አባልነት ጥያቄ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ያቺ ውሻ ሌላ ሰው ሳትነክስ አንድ ነገር ይደረግ አልኩት። ከቀትር በፊት ቢሮዬ ብቅ ብሎ «በውሻዋ ላይ እርምጃ ተወስዷል!» አለኝና ሳቀ። በሰባ ዓመተ ምሕረት እዚህ ከተማ የነበረ ሰው ይህን ቃል ሰምቶ አይስቅም። እኔ ግን አብሬው ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ አባዬን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተር ሀብተሥላሴ አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። ቁስሉን ሳያይ በፊት «ውሻዋ የት አለች?» አለኝ።

«ገድለዋታል።»

«ምነው ታስራ በቆየች! ዐሥር ቀን በደህና ከበላችና ከጠጣች አላበደችም ማለት ነው፤ መርፌውን ከመሀል እናቆመው ነበር። ጭንቅላቷስ? አዲስ አበባ ተልኮ ቢመረመር…»

«አቃጥለዋታል።»

«እንግዲያማ ሙሉውን መውሰድ አለባቸው» አለ። በየቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት፣ ሆድ ላይ።

ሲስተር እቴነሽ ወጋቻቸው። ፊታቸውን እንኳ አላጨማደዱም። «የእኔ አባት እንደ ገጠር ሰው ከመሀል የሚያቋርጥ አይደለም» አልኳት፣ እሳቸውም እየሰሙ። ኮርቼባቸዋለሁ።

በወይዘሮ እንኳየሁ ጓሮ ቡችሎች ሲያላዝኑ አመሹ። ራሴን አሞኛል።

መስከረም 30፣ ረቡዕ

«ይኸ መድኃኒት ከምን ይሠራል?» አሉኝ ዛሬ።

ነገርኳቸው። በሽታውን በበግ አንጎል ውስጥ ያራቡታል፤ አንጎሉን ይፈጩትና በሽታውን በመድኃኒት ይገድሉታል፤ ሰው የሚወጋው ያንን የሞተውን ነው። ሰውነት ጠላቱን ሞቶ ሳለ ያየዋል፣ መልኩን ይይዛል፣ ሕያው ሆኖ ሲመጣ ይጠብቀዋል።

«እንግዲህ የበግ አንጎል ነው» አሉ።

«ጥቂት አለበት።»

«በጽጌ ጾም?»

ሳቄ መጣ። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ እሳቸው ግን አንድም ዓመት አሳልፈውት አያውቁም። «በመርፌ የገባ አይቆጠርም፣ አባዬ። ሆድዎ አያየውም፤ የሚያየው ደምዎ ነው።»

የነፍስ አባታቸውን ጠይቀው መጡ። ተፈቅዶላቸዋል። «ደሜ ነው የሚያየው ያልሽውን ነገርኳቸው፤ እሳቸውም እንዳንቺ ሳቁ» አሉኝ። ማታ ግን ሽሮአቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ጥቅምት 2፣ ዓርብ

ሁለተኛ ዓመቶችን ስለ ማይሊን፣ ስለ ነርቭ ሽፋን፣ አስተማርኳቸው። ይህ ትምህርት ሁልጊዜ ይቀናኛል።

«ነርቭ ቀጭን ክር ነው» አልኳቸው። «ክሩን አንድ ሕዋስ ራሱን ጠፍጥፎ እየዞረ ይጠቀልለዋል። የመሪጌታ ጥምጥም አስቡ። ጨርቁ ስብ ነው፤ መልእክቱ መንገድ ላይ እንዳይባክን የሚከልለው እሱ ነው። ስብ ብቻውን ግን ድርቡን አይዘውም። የሚይዙት ሕዋሱ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ ዓይነት ድርቡን ከውጭ በኩል ያያይዛል፣ ሌላው ከውስጥ በኩል ያጣብቃል። ጥምጥሙ ካለቀ በኋላም ሥራቸው አያልቅም። ሰውየው በሕይወት እስካለ ሕዋሱ እነዚህን ፕሮቲኖች እየሠራ ያረጀውን ይተካል። አንድ ነገር እነሱን ቢያጠቃ፣ ክሩ ሳይበጠስ ጥምጥሙ ይፈታል። አንጎል ተራመድ ይላል፤ እግር አይሰማም።»

ከኋላ ወንበር ያሉት ሳይቀሩ ጻፉ። ጓድ አዳሙ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። ስወጣ ያዘኝ። «ጓድ እጅጋየሁ፣ አሁን ጥምጥም ምን አመጣው? የኤሌክትሪክ ሽቦ ብትዪ ምን ነበረበት?» እሺ አልኩት። የኤሌክትሪክ ሽቦ ራሱን አያድስም፣ ደደብ። ይህችን ለደብተሬ ብቻ።

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

የውይይት ክበብ ነበር። ርእሱ ጎጂ ልማዶች። ጓድ አዳሙ ሳላስበው አስነሣኝ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሆነው ሳለ ጠበሉን ትተው ሳይንስን መርጠዋል፣ በየቀኑም እየተወጉ ነው አልኩ። መርጠዋል አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ሲፈጽሙ እዚህ መጥተው እንዲናገሩ ይደረግ ተባለ፤ ቃል ገባሁ።

ስመለስ ወይዘሮ እንኳየሁን በር ላይ አገኘኋት። ሰላም አልኳት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ አለፈችኝ። ለአንዲት ውሻ!

ጥቅምት 7፣ ረቡዕ

አባዬ ጠዋት «እግሬ ሥር ጥጥ የተነጠፈ ይመስለኛል» አሉ። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው እያደሩ ምን እንዲመስልዎ ነው የፈለጉት አልኳቸው። ትንሽ ቆጣ ሳልል አልቀረሁም። «ልክ ነሽ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ምንም አላሉም፤ አልፎላቸዋል ማለት ነው።

መቋሚያቸውን ቤት ውስጥም ይዘው መዞር ጀምረዋል። ዕድሜ ነው።

ጥቅምት 9፣ ዓርብ

ችኮላ ላይ ነኝ። ሲስተር እቴነሽ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። አባዬ መርፌ ክፍል ሲገቡ አንድ እግራቸው ባዶ ነበር አለች። ጫማው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ አላወቁትም። ሳቅሁ። ሐሳባቸው ማኅሌቱ ላይ ነው አልኳት። እሷ አልሳቀችም። ጫማውን አንድ ሊስትሮ አግኝቶ መልሶታል።

ሊያልቅ ነው። ሁለት ብቻ።

ጥቅምት 11፣ እሑድ

ወደቁ። ማኅሌቱ መሀል፣ ወረቡ ሲሞቅ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው። ደብተራዎቹ ተሸክመው አመጧቸው። «አዳለጠኝ» ይላሉ። ምንጣፍ ላይ ምን ያዳልጣል?

የመጨረሻው መርፌ የዛሬ ነበር። በሰው ትከሻ ይዤያቸው ሄድኩ። እሑድ ስለሆነ ዶክተር ሀብተሥላሴ አልነበረም። ሲስተር እቴነሽ እግራቸውን ሲጎትቱ አየችና መርፌውን እንደያዘች ቆመች። «መምህርት፣ ነገ ዶክተር ካያቸው በኋላ ቢሆንስ?»

«አንድ ብቻ እኮ ነው የቀረው» አልኳት።

አባዬን አየቻቸው። እሳቸው እኔን አዩ። ከዚያ እጀ ጠባባቸውን ራሳቸው ገለጡ።

ጨርሰዋል። ሙሉውን።

ጥቅምት 12፣ ሰኞ

እግራቸው አይንቀሳቀስም። ሁለቱም። ሽንት ከሌሊት ጀምሮ እምቢ ብሏል። ሆስፒታል ተኝተዋል። ሽንቱ በቱቦ ነው። ለማስተማር ክፍል አልገባሁም።

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

ዶክተር ሀብተሥላሴ ከክፍሉ ወደ ውጭ አወጣኝ። «መደንዘዝ ከጀመራቸው ስንት ቀን ሆነ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

«እቴነሽ ስለ ጫማው ነገረችኝ።»

ካርዳቸውን ገልጦ ጻፈበት። ከዚያ ኪኒን እንጀምርላቸዋለን፣ የነርቩን ቁጣ ያበርደው ይሆናል አለ። ይሆናል።

አሁን ቤት ነኝ፤ መብራት ስለጠፋ በኩራዝ ነው የምጽፈው። ነገሩ ለማንም ብናገረው የሚረዝም አይደለም። መርፌው ውስጥ የሞተው በሽታ ብቻ አይደለም ያለው። የበጉ አንጎልም አለ፣ በአንጎሉም ውስጥ ያ ጥምጥሙን የሚያጣብቀው ፕሮቲን። የበጉና የሰው በጣም ይመሳሰላል። የአባዬ ደም የበጉን አየና ጠላት ነው ብሎ መልኩን ያዘ፤ ከዚያ በገዛ አከርካሪያቸው ውስጥ ያንኑ መልክ አገኘው። ከብዙ መቶ ሰው አንዱ ላይ የሚደርስ ነው። እያንዳንዱ መርፌ ያንን መልክ ለደሙ ደግሞ ማሳየት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መደንዘዝ ሲመጣ መርፌው ይቆማል፤ ውሻው አብዶ እንደሆነስ የሚለው ፍርሃት እያለም፣ ሐኪም ቁጭ ብሎ ሁለቱን ሞት ይመዝናል። ይህን ዓምና በፈተና ጠይቄዋለሁ። ሦስት ልጆች በትክክል መልሰውልኛል።

እኔ አልመዘንኩም። ጥጥ ሲሉኝ ወረቀት እያረምኩ ነበር። ምናልባት ያኔ ቢቆምም ያው ይሆን ነበር። ሀብተሥላሴም እንዲያ ብሎኛል። ሲለኝ ግን ዓይኔን አላየኝም።

ደምዎ ነው የሚያየው ብዬ እስቅባቸዋለሁ! አንደበቴ ምን ነክቶት ነው?

ጥቅምት 16፣ ዓርብ

የቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ወይዘሮ እንኳየሁ ከፊቴ ናት፤ አላየችኝም። ጎኗ ላለችው ሴት ታወራለች። «ምን አብዳ! ወልዳ ነው እንጂ። አራት ቡችላ ሥሯ ተኝቶ፣ በጨለማ ዱላ የያዘ ሰው ሲመጣባት ምን ታድርግ? አንድ ቃል ቢጠይቁኝ እነግራቸው አልነበር? ጥበቃዎቹ መጥተው ደጄ ላይ ተኮሱባት። ያቺ የተማረች ናት አሉ ያዘዘችው። ቡችሎቹን በጡጦ አሳደግኳቸው፤ ይኸው ይዘላሉ።»

ስኳሩን ሳልወስድ ተመለስኩ።

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

መደንዘዙ እምብርታቸው ድረስ ደርሶ ቆሟል። ከዚያ ከዘለለ ትንፋሽ ነው፤ ለትንፋሽ የሚሆን መሣሪያ እዚህ የለም። በየሰዓቱ ደረታቸውን አያለሁ።

ውኃ ሲጠጡም ጉሮሯቸውን አያለሁ። ያ የውሻ በሽታ ሲመጣ ውኃ አያስውጥም። ቡችሎቹ ይዘላሉ፣ አውቃለሁ፤ ግን ልቤ አያርፍም።

«እንዲህ አፍጥጠሽ ምን ታያለሽ?» አሉኝ።

«ጠምቶዎት እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ይኸው ጠጣሁ» ብለው ኩባያውን ገልብጠው አሳዩኝ፣ እንደ ልጅ።

ጥቅምት 29፣ ሐሙስ

ወገባቸው ላይ ቁስል ጀምሯል። እኔና ሲስተር እቴነሽ እየተፈራረቅን እናገላብጣቸዋለን። ስለዚያ እሑድ አንድም ቃል አላነሣችብኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ አባዬ ለተማሪዎችሽ የምትነግሪውን ለእኔም ንገሪኝ አሉ። ነገርኳቸው፣ ከጥምጥሙ እስከ ፕሮቲኑ። አላቋረጡኝም። ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ይመታል፤ ሌሊት ሌሊትም እንዲሁ ነው፣ ዜማውን በጣታቸው ይዘውታል።

«ሕዋሱ እየሠራ ይተካል አልሽ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያስ መልሶ ይጠመጥመዋል።»

«ሊጠመጥመው ይችላል፣ አባዬ። ሕዋሱ ካልሞተ፣ ክሩም ካልተጎዳ። ያም ቢሆን እንደ ቀድሞው አይወፍርም፤ ይሳሳል።»

«ሳሳ ያለ ጥምጥም ይበቃኛል» አሉ። «ለማኅሌት ባይሆን ለቅዳሴ።»

ሁለት ሳምንት አልፎታል። የሚመለስ ቢሆን ጥቂት ምልክት ይታይ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ቁስቋም ነው። ጽጌ ወጣ። ተማሪዎቻቸው ከማኅሌት በቀጥታ መጥተው መስኮቱ ሥር ቆሙ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመሩላቸው። አባዬ ተንጠራርተው በእጃቸው የአልጋውን ብረት ያዙ። ዘበኛው መጥቶ በተናቸው። «እግሩን ቀድሞ ያነሣው ሀብተ ማርያም ነው፤ ከድምፁ ታወቀኝ፤ ይቸኩላል» አሉኝ አባዬ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ገላቸውን ማዞር ስለማይችሉ አንገታቸውን ብቻ።

ከሰዓት ጓድ አዳሙ ጠራኝ። ዕጩነቴ ጸድቋል። እንኳን ደስ አለሽ አለኝና በሩን ዘጋው። «የአባትሽን ነገር ግን ክበቡ ውስጥ እንዳታነሺ። ሰው ክትባት ይሸሻል። የጠየቀሽ ካለ ዕድሜ ነው በዪ።»

ክፋቱ፣ መሸሹስ እውነት ነው። ሲስተር እቴነሽ በዚህ ወር ሁለት የተነከሱ ሰዎች ጀምረው ጠፍተዋል ትላለች። አንደኛው በቀጥታ «የመሪጌታውን እግር አይተናል» ብሏታል። አውርቼ ያስጨበጨብኩበት ሰው አሁን በየደጁ ይወራል።

ዕድሜ ነው የሚለውን ለመማር ጓድ አዳሙ አላስፈለገኝም። እኔው ራሴ እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ቤት አመጣናቸው። ዶክተር ሀብተሥላሴ ከዚህ በኋላ የምጨምርላቸው የለኝም አለ። አያ ባዬ ከድብ ባሕር ቃሬዛ የሚይዙ ሰዎች ይዘው መጡ። የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ሦስት ቀን ደጅ ጠንተዋል። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። አልጋው ዳር ተቀምጠው የወንድማቸውን እግር በቅቤ ሲያሹ ዋሉ። «ሸጋ እግር ነበረ» አሉ አንዴ፣ ለራሳቸው።

ማታ ሰው ሁሉ ሲሄድ ጠየቅኳቸው። ይህን ጥያቄ አንድ ወር ሙሉ ሳልጠይቀው ይዤዋለሁ። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

«አንዴ ነው።»

«አንዴ ነገርኩሽ፣ ተቆጣሽ። ጫማዬ የወለቀ ለት ልነግርሽ ነበር፤ ደክሞሽ መጣሽ።» ጋቢያቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው «ደግሞ ለዚያች ሲስተር አባቴ ከመሀል አያቋርጥም ብለሻታል። እኔ አቋርጬ ላሳፍርሽ?» አሉኝ።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። አፌን በነጠላ ይዤ አለቀስኩ። ድምፄ ሳይሰማቸው አልቀረም። እንዳልሰሙ ለመምሰል ከፍ አድርገው ያንጎራጉሩ ጀመር።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

ከጠዳ አንዲት ሴት መጣች፤ ይመኙሽ ትባላለች። ልጇን ውቢትን ይዛለች፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። እጇ በጨርቅ ተጠምጥሟል። ትናንት ውሻ ነክሷታል። ውሻው ሁለት ላም ነክሶ፣ ለሐጩን እያዝረከረከ ሄዶ መንገድ ዳር ወድቆ ሞተ። ይህኛው አያጠራጥርም።

እኔን ብላ አይደለም የመጣችው። አባዬ አልጋ ሥር ተንበረከከች። «መሪጌታ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ላስወጋት ወይስ ጠበል ልውሰዳት? ሰው ሁሉ መርፌውን አይሆንም ይለኛል። የእርስዎን ቃል ነው የምሰማ።»

አባዬ ወደ እኔ ጠቆሟት። «ይኸን ልጄ ታውቃለች።»

ሴትየዋ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱን አየች፣ እግሮቹ ያሉበትን። ምን ልበላት? «አስወጊያት» አልኳት። «ይህ የውሻው በሽታ ከያዛት የሚያድናት የለም፤ አንድም ሰው ተርፎ አላየሁም። መርፌው የሚጎዳው ከስንት አንድ ሰው ነው።»

«የእርስዎ ብትሆን ያስወጓት ነበር?»

«የራሴንማ አስወግቻለሁ» አልኳት።

ከዚያ አባዬ ናቸው የተናገሩት። «አስወጊያት፣ ልጄ። ጠበሉንም አድርሻት፤ ሁለቱ አይጣሉም። እዚህ እኛ ዘንድ ትክረም። እጅጌ በየቀኑ ታያታለች። እግሯ ጥጥ የረገጠች ከመሰላት ወዲያው ትንገራት፤ እጅጌም አትቆጣም።»

ይህን ሲሉ አላዩኝም። ከሰዓት ተወጋች።

ኅዳር 30፣ እሑድ

ለሰፈራው ዘመቻ የሚሄዱ መምህራን ስም ወጥቷል፤ እኔም አለሁበት። ጓድ አዳሙን አባቴን ማን ያገላብጣቸዋል አልኩት። እናያለን አለ። አያ ባዬን አስጠርቻለሁ።

ውቢት መደንዘዝ የሚጀምርበት አስጊው ሳምንት ውስጥ ናት። በየቀኑ ከመርፌ ስትመለስ አባዬ ክፍል አስቀምጣትና እግሯን አያለሁ። ይሰማሻል ብዬ አልጠይቃትም፤ እንዲያ የተጠየቀ ሰው ለጠያቂው ብሎ ይሰማኛል ይላል። ዓይኗን አስጨፍናትና በስንደዶ ጣቷን እነካለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ትነግረኛለች። አንዳንዴም ሳልነካት እጠይቃለሁ።

ዛሬም እንዲሁ አደረግኩ። «ትንሹ» አለች። ልክ ነው። «ትልቁ።» ልክ ነው። ስንደዶውን አንሥቼ ያዝኩና «አሁንስ?» አልኳት። «አልነካሽኝም!» ብላ ሳቀች። እናቷ ይመኙሽ ደጅ ሆና ልብስ ስታጥብ ሳቋን ሰምታ «ተመስገን» አለች። ደግሜ ሞከርኳት። ደህና ናት። እስከ ዛሬ ደህና ናት።

«እስቲ እኔንም ሞክሪኝ» አሉ አባዬ።

ቤት ካመጣናቸው ወዲህ እግራቸውን ነክቼው አላውቅም፤ ለማጠብ ካልሆነ በቀር። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። እግራቸው መንምኗል፤ ጥፍራቸው ረዝሟል፣ እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ዓይናቸውን እንደ ውቢት ጭፍን አደረጉ፣ ፊታቸውም ለማኅሌት እንደሚቆሙ ረጋ አለ። ስንደዶውን ይዤ እጄን መዘርጋት አቃተኝ። ቆሜ ቀረሁ።

«ይሰማኛል» አሉ። «ትልቁ ጣት። በእውነት ይሰማኛል፣ እጅጌ።»

ውቢት ስንደዶውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። አፏን ልትከፍት ስትል ጭንቅላቴን ነቀነቅኩባት።

«አዎ፣ አባዬ» አልኳቸው። «ትልቁ ጣት ነው።»